ውሻን በአደራ ስለ መቀበል



ከመንግሥት ሠራተኛ ኑሮ የማይለይ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዝውውር ነው። ዛሬ በወልዲያ የሚሠራ ሰው በሚመጣው ዓመት በደሴ፥ ከዚያም በኋላ በደብረ ብርሃን ይመደብ ይሆናል። የዝውውሩ ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ቤቱ በጥድፊያ ይሞላል። አልጋውና ቁም ሣጥኑ ይጫናል፤ ምጣዱና ማሰሮው በገለባ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት መሸኛ ይወጣል፤ ከዕድርተኛው ጋር ስንብት ይደረጋል፤ ቁልፉም ለባለ ቤቱ ይመለሳል። የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚመለከት አንድ የቤቱ ኗሪ ይቀራል። እርሱም ውሻው ነው።

ውሻው መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትሎ ይሮጣል። ሲደክመው ይመለስና በተዘጋው በር ሥር ይተኛል። አዲሱ ተከራይ ሲመጣ ለቤቱ ባዳ የሆነ መስሎት በድንጋይ ያባርረዋል። ያ ትናንት ስም የነበረው ውሻ ከጥቂት ጊዜ በኋላ «የመንደር ውሻ» ይባላል፤ ከሥጋ ቤት በራፍና ከቆሻሻ መጣያ ይውላል፤ ከሌሎች ውሾች ጋር ይናከሳል፤ አንድ ቀንም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን እግር ላይ ጥርሱን ያሳርፋል። «እኔ ውሻ የለኝም፤ ይህ ጉዳይ አይመለከተኝም» የሚል ሰው ቢኖር፥ ያ ሕፃን የእርሱ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ውሻ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እንዴት በሥርዓት ሊተላለፍ እንደሚገባ፥ የሚቀበለውም ሰው ምን ማወቅና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ቤት ያጡ ውሾችን የሚረዱ ማኅበሮች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለውሾች ማቆያ የሚሆን ሕንጻ ሠርተው በዚያ ይጠብቋቸዋል። ሌሎቹ ግን ሕንጻ የላቸውም፤ ሕንጻቸው የአባሎቻቸው መኖሪያ ቤት ነው። አንድ ውሻ በጎዳና በተገኘ ወይም ባለቤቱ ሊያኖረው ባልቻለ ጊዜ ከአባሎቹ አንዱ ወደ ቤቱ ወስዶ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ውሻው ይታከማል፤ ይከተባል፤ ከሁሉም በላይ ጠባዩ ይጠናል። ውሻውን ለዘለቄታው ሊወስድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፥ ማኅበሩ የሰውየውን ኑሮና ግቢ ይጠይቃል፤ ከቤቱም ድረስ ሄዶ የሚመለከት አለ። በመጨረሻም በጽሑፍ ይዋዋላሉ። ከውሉም ቃል ዋናው «ውሻውን ልታኖረው ባትችል ወደ እኛ መልሰው እንጂ ወደ ጎዳና አታውጣው» የሚል ነው።

ይህ አሠራር ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ለአገራችን ሰው ልብ እንግዳ አይደለም። እኛ «አደራ» የምንለው ቃል አለን። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን እንደ ራሱ ገንዘብ ይጠብቃል፤ ሲጠየቅም ያስረክባል፤ አደራ በላ መባልን ግን እንደ ሞት ይፈራዋል። ስለዚህ ውሻውን ለጊዜው የሚያቆየውን ሰው ባላደራ፥ ቤቱንም የአደራ ቤት ብለን እንጥራው።

የአደራ ቤት ጥቅሙ ምንድን ነው? ውሻ በሰንሰለት ታስሮ ወይም በጎዳና ተርቦ ሲታይ እውነተኛ ጠባዩ አይታወቅም። የፈራ ውሻ ክፉ ይመስላል፤ የታመመ ውሻ ደግሞ ጨዋ ይመስላል። በሰው ቤት ለጥቂት ሳምንታት የኖረ እንደ ሆነ ግን የቤቱ ሰዎች ሁሉን ነገር ያውቁታል። ሕፃን ሲያለቅስ ምን ያደርጋል? ዶሮ ሲያይ ይዘልላልን? ሲበላ ቢጠጉት ያጉረመርማልን? ሌሊት የሚጮኸው ጅብ ሲመጣ ብቻ ነው ወይስ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር? የተቀባዩ ሰው ዕድል ፈንታ የሚወሰነው በነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። የውሻ መልክ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ጠባዩን ለማወቅ ግን አብሮት የኖረ ሰው ያስፈልጋል።

ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌና በውርጌሳ፥ ከዚያም በመርሳና በስሪንቃ አልፎ ወልዲያ በሚደርሰው መንገድ የሚጓዝ ሰው በየከተማው ዳር ብዙ ውሻ ይመለከታል። ከነዚህ የሚበዙት ፈጽሞ ጌታ የሌላቸው አይደሉም። በሀብሩ ገጠር ውሻ በረቱን ከጅብ፥ የማሽላውን እርሻ ከዝንጀሮ የሚጠብቅ የገበሬው ረዳት ነው። በከተማም ቀን ቀን ተለቆ የሚዞር፥ ማታ ግን ወደ አንድ ግቢ የሚገባ ውሻ ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ወልዲያና መርሳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ተሰድዶ ነበር። ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ ስለ ውሻው አላሰበም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን በሰላም ቀን፥ የዝውውር ደብዳቤ ይዞ፥ የመኪና ኪራይ ተዋውሎ የሚሄድ ሰው ምን ምክንያት ይሰጣል?

እንግዲህ ውሻ ለመውሰድ ያሰባችሁ እንደ ሆነ፥ አስቀድማችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ውሻ በደኅና ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። በዚህ ዘመን ውስጥ ስንት ጊዜ ትዛወራላችሁ? የምትኖሩበት የኪራይ ቤት ባለቤት ይፈቅዳልን? ቀኑን ሁሉ በቢሮ ስትውሉ የሚያበላው ማን ነው? ለመስክ ሥራ ስትወጡስ ማን ያየዋል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰው ውሻ ባይወስድ ይሻለዋል፤ ይህን ማለት ጭካኔ አይደለም።

መልሱ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ውሻውን ከሚያውቀው ሰው እጅ ተቀበሉ። ባላደራውን እነዚህን ነገሮች ጠይቁ፦

1ኛ. ውሻው ከየት መጣ? ዕድሜውስ ስንት ነው?

2ኛ. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧልን? መቼ? የክትባቱ ወረቀትስ አለን?

3ኛ. የትል መድኃኒት የወሰደው መቼ ነው?

4ኛ. ከሕፃናት፥ ከበግና ከዶሮ፥ ከሌላ ውሻ ጋር እንዴት ነው?

5ኛ. ሰው ነክሶ ያውቃልን? ነክሶ ከሆነስ በምን ምክንያት?

ቡችላ የምትወስዱ እንደ ሆነ ደግሞ ከእናቱ ቶሎ አትለዩት። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሊቆይ ይገባዋል። ጥርሱን እንዴት እንደሚቈጥብ የሚማረው ከእነርሱ ጋር ሲጫወት ነው፤ ሲበረታባቸው ወንድሞቹ ይጮኹበታል፥ እናቱም ትገሥጸዋለች። ዐይኑ በተገለጠ ማግሥት በካርቶን ተይዞ የሚሰጥ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳይማር ያድጋል። ደግሞም ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃን፥ ሽማግሌ፥ ባለ ጃንጥላ፥ የባጃጅ ድምፅ ያየና የሰማ ቡችላ ካደገ በኋላ በእነዚህ አይደነግጥም። በጨለማ ጎጆ ታስሮ ያደገው ግን ሁሉን ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻም የሚናከስ ውሻ ነው። ኀይለኛ ይሆናል ተብሎ ጆሮውን በምላጭ መቍረጥ ሕመም ከማትረፍ በቀር አንዳች ጥቅም የለውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ይህ በሽታ በአገራችን የቆየ ነው። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። እንስሳው ሲነክስ ምራቁ በቁስሉ ይገባል፤ ከዚያም ቫይረሱ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፤ ከዚያ ያነሰና የበለጠ ጊዜ የሚወስድበትም አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን በሽተኛው አይድንም ማለት ይቻላል። ሆኖም ያ ዝም ያለው ጊዜ የምሕረት ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተከተበ ሰው ይድናልና። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ይህን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. (በእኛ በ1877 ዓ.ም.) ጆሴፍ ማይስተር የተባለ በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ በማዳን አሳየ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የጤና ተቋም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ይህ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍበት ከመቶው እስከ 99 የሚሆነው በውሻ ምክንያት ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከተነከሱት ሰዎች መካከልም ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይጫወታል፤ ሲነከስም ቍጣ ፈርቶ ይደብቃል። ስለዚህ ልጆቻችሁን «ውሻ ቢነክስህ፥ ቢቧጭርህም ቶሎ ንገረኝ፤ አልቈጣህም» ብላችሁ አስተምሩ።

የተነከሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ቫይረሱን ከመግቢያው ላይ የሚቀንስ ትልቅ መድኃኒት ነው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ጸሎቱም ይጸለይ፥ ዱዓውም ይደረግ፤ ነገር ግን የባህል መድኃኒት እየተሞከረ የክትባቱ ጊዜ እንዳያልፍ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የነከሰውም ውሻ ባለቤት ያለው እንደ ሆነ ወዲያው በዱላ አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው የነበረበት ከሆነ በነዚህ ቀኖች ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ሐኪሙም ከዚህ ብዙ ነገር ያውቃል። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር እነዚያን 10 ቀኖች አይጠብቅ።

ውሻን ማስከተብ እንግዲህ ውሻውን ብቻ መጠበቅ አይደለም። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገምለታል። ከአንድ አገር ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ የተከተቡ እንደ ሆነ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት ድልድይ ይፈርሳል። በብዙ ከተሞች ሲሠራበት የኖረው በመርዝ የማስወገድ ዘዴ ግን ይህን ውጤት አያስገኝም። ምግብ በተገኘበት ቦታ የሞቱትን የሚተኩ ሌሎች ውሾች ይመጣሉና፤ ከሚሞቱትም መካከል የተከተቡት ይገኛሉ። ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ ከከተማ አልፎ ይሄዳል። በላሊበላ አቅራቢያ በሚገኘው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም ቍጥሩ ከ500 በታች የሆነ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ ከቀይ ቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጅቷል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል የለምን? በአንድ ቸልተኛ ጌታ አጥር ቀዳዳ የወጣ በሽታ እስከ ተራራ ጫፍ ይደርሳል።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። በዓል በሆነ ጊዜ በጉ ይታረድና ሳንባውና ጕበቱ ውሃ የቋጠረ ሆኖ ሲገኝ «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። በዚያ በቋጠረው ውሃ ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሱ ትሎች በአንጀቱ ያድራሉ፤ እንቍላላቸውም ከኵሱ ጋር ወጥቶ በሣርና በአፈር፥ ባልታጠበ እጅና አትክልት በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ በሰውም ጕበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ውሃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው የታመመ ሆድ ዕቃ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። ለውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና አይስጡት። መርሳን በመሰለ ቆላማ ከተማ ደግሞ ከምግቡ ይልቅ ንጹሕ ውሃና ጥላ እንዳይጐድልበት ያስፈልጋል።

ውሻው ወደ ቤታችሁ የገባ ቀን ዘመድ ጎረቤት ጠርታችሁ አታስከብቡት። ስለዚህ ነገር ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚናገሩት መለኪያ አለ፤ በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርድለታል፤ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፤ በ3 ወር ቤቱ ቤቴ ነው ይላል። ይህ ለሁሉም ውሻ እኩል የሚሆን ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቀን «አልተግባባንም» ብሎ ለሚመልስ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። ስሙን አትለውጡበት፤ ባላደራው በሚጠራው ጥሩት። የሚተኛበትን ጨርቅ አብራችሁ ውሰዱ፤ የሚያውቀው ሽታ ያጽናናዋልና። ቀንና ሌሊት በአጭር ሰንሰለት የሚታሰር ውሻ ጠባዩ ይበላሻል፤ አጥር ካላችሁ በግቢው ይፈታ፥ አጥር ከሌላችሁ በማሰሪያ ይዛችሁ ጧትና ማታ አንሸራሽሩት።

ስለ ጎረቤትም አስቡ። በወልዲያም ሆነ በሀብሩ እስላምና ክርስቲያን በአንድ አጥር ተጎራብቶ፥ በሐዘንና በደስታ ተካፍሎ የሚኖር ነው። ለሶላት ውዱእ ያደረገ ጎረቤታችሁ የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ውሻ ተከትሎት ወደ ቅጥሩ እንዲገባ አይወድም። ይህን ማክበር ግዴታችሁ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሃይማኖቶች በውሻ ላይ መጨከንን አላስተማሩም። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ በእስልምና ይነገራል፤ በክርስትናም የደኸየውን የአልዓዛርን ቁስል ሰው በናቀው ጊዜ የላሱለት ውሾች እንደ ነበሩ ይነበባል።

ሴት ውሻ ያላችሁ እንደ ሆነ ሌላ ኀላፊነት አለባችሁ። ሴት ውሻ በዓመት 2 ጊዜ ያህል ለመፅነስ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 2 ወር ያህል ነው። የሚወለዱትን ቡችሎች ሁሉ የሚቀበል እጅ ከሌለ በየቦዩ የሚጣሉት እነርሱ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም በሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ማምከን የሚቻልበት ቦታ ከተገኘ እጅግ መልካም ነው፤ ካልተገኘም በመፈለጊያዋ ወራት በግቢ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ከተነሣንበት ነገር ላይ እንመለስ። የመንግሥት ሠራተኛ ዕቁብና ዕድር ማቋቋም ያውቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ስለ ውሾቻቸው ቢስማሙ ምን ያግዳቸዋል? አንድ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ የውሻው ስም፥ ዕድሜ፥ የተከተበበት ቀን፥ ጠባዩ ይጻፋል። ከመካከላቸው አንዱ ሲዛወርና ውሻውን ሊወስደው ባይችል፥ ሌላው ለጥቂት ሳምንታት በአደራ ይቀበለዋል፤ ጠባዩን ያጠናል፤ ለሚገባው ሰው ከነወረቀቱ ያስረክበዋል። ክትባቱንም በአንድ ቀን በኅብረት ለማድረግ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል። ለዚህ የሚሆን ቀን ለሚፈልግ፥ ፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ብለው የሚጠሩት ዓለም ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚያስብበት ዕለት በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ማግሥት ይውላል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ታማኝነቱን ስንመሰክርለት ኖረናል። ታማኝነት ግን የአንድ ወገን ዕዳ ብቻ ሊሆን አይገባውም። የዝውውር ደብዳቤ በሚደርሳችሁ ቀን ሒሳባችሁን አጣርታችሁ፥ ንብረት አስረክባችሁ፥ መሸኛችሁን ተቀብላችሁ እንደምትሄዱ ሁሉ ውሻችሁንም ከእጅ ወደ እጅ አስረክባችሁ ሂዱ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚቀሩት የጎረቤት ልጆች ያለ ስጋት ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ ያም ውሻ የሚጠብቀው በር ያገኛል።